ትራከሩ 20 ኪሎሜትር ይላል፣ ቆጣሪዬ 24 ይላል፣ መሀል ላይ እኔ የናፍጣ ሌባ ሆኛለሁ

አይሱዙው
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ናችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ አማን ናችሁ። ጉዳዩ እንዲህ ነው። የሰው አይሱዙ ነው የምነዳው፣ ከደሴ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ፣ በቀን ሁለት ደርሶ መልስ። ከሁለት ወር በፊት ባለመኪናው ትራከር፣ ማለት መኪናዋ ያለችበትን በጂፒኤስ ሳተላይት እየለየ የሚልክ እቃ፣ አስገጠመ፣ ወላሂ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ መኪናዋ ብትጠፋ የሚጠየቀው ማነው እኔ አይደል። አሁን ግን ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ መጣ። የትራከሩ ሪፖርት አንድ ጉዞ 20 ኪሎሜትር አካባቢ ነው ይላል፣ የመኪናዋ ቆጣሪ 24 ይላል። ሰውዬው ካልኩሌተር ይዞ ቁጭ አለ፣ በጉዞ 4 ኪሎሜትር፣ በቀን አራት ጉዞ 16፣ በወር 26 ቀን 416፣ በሊትር 5 ኪሎሜትር ሲመታ 83 ሊትር። "83 ሊትሩን የት አደረስከው?" አለኝ። ከደሞዜም ቆረጠ። እኔ እዚህ መንገድ ላይ 11 ዓመቴ ነው፣ የሐረጎን ቁልቁለት ኩርባ በኩርባ አውቀዋለሁ፣ 20 ኪሎሜትር አይደለም፣ ሲወርዱም ሲወጡም አይደለም። ግን "ሳተላይት ይዋሻል?" ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስለት። የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ፣ ጂፒኤሱ ነው የሚሳሳተው ወይስ ቆጣሪዬ ነው የተበላሸው?


ባለዶልፊን
ማታ 2፡31

ወንድሜ እንዳትቀየመኝ፣ እኔም ባለመኪና ነኝና የሰውዬው ብሶት ይገባኛል። የኔ ሹፌር ስንት ጊዜ "ዳገቱ በላው" እያለኝ ኖሮ አንድ ቀን ወንበሩ ስር ጀሪካንና ጎማ ቱቦ አገኘሁ። ቱቦው እራሱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ስለዚህ 83 ሊትር ሲባል መጀመሪያ ሳተላይት ጋ አልሄድም፣ ወንበር ስር ነው የምሄደው።


አይሱዙው
ማታ 2፡36

አያ ባለዶልፊን ና እይ፣ የኔ ጋቢና ውስጥ ያለው ጋቢ ብቻ ነው።


ጋሽ ካምቢዮ
ማታ 2፡58

ልጆች ረጋ በሉ። ከ30 ዓመት በላይ ጋራዥ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሳተላይቱን ለሚያውቁት ትቼ ስለ ቆጣሪው ልናገር። ቆጣሪ መሬት አይለካም፣ የጎማ ዙር ነው የሚቆጥረው። የጎማው ጥርስ ሲያልቅ ዙሪያው ያንሳል፣ ያነሰ ጎማ ያው ብዙ ይዞራል፣ ቆጣሪውም ከእውነቱ ትንሽ ጨምሮ ይቆጥራል። ግን በስንት? የአይሱዙ ጎማ ከታች እስከ ላይ 80 ሳንቲም ገደማ ነው። ተልጦ ተልጦ ቢያልቅ 2 ሳንቲም ቢቀንስ ነው፣ ከመቶ 2.5 ማለት ነው፣ በ24 ኪሎሜትር ላይ 600 ሜትር ብቻ። 4 ኪሎሜትር እንዲያሳስትህ ከፈለግክ የባጃጅ ጎማ ግጠምላት። ስለዚህ ቆጣሪው ንፁህ ነው ባይ ነኝ።

ሌላ አንድ ነገር ላንሳ ብዙ ሰው የሚያምታታው ስለሆነ። የፍጥነት ማሳያው ሌላ ነው፣ እሱ ሆን ተብሎ ከፍ አድርጎ ነው የሚናገረው። የተባበሩት መንግሥታት የመኪና ደንብ ላይ ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ማሳየት ጭራሽ አይፈቀድም፣ ከፍ ማድረግ ግን ከመቶ 10 እና ሲደመር 4 ኪሎሜትር ድረስ ይቻላል። ለዛ ነው ስልካችሁ 74 ሲል ዳሽቦርዱ 80 የሚለው። ይሄን አይቶ "ቆጣሪውም እንደዚሁ ይዋሻል" የሚል አለ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም።


ጦሳ ስር
ማታ 3፡20

ጋሼ እጅዎት ይባረክ፣ የኔን ግማሽ ስራ ሰሩልኝ።

እኔ የቅየሳ ሰው ነኝ፣ ሪሲቨር ተሸክሜ ነው የምውለው። አይሱዙው ሁለት ነገር ንገረኝ፣ ትራከሩ በስንት በስንት ሰከንድ ነው ቦታ የሚልከው? የት ጋ ነው የተገጠመው? እስክትመልስ "ሳተላይት ይዋሻል" ወደሚለው ልሂድ።

ሳተላይቱ መኪናህን አያያትም። መኖርህንም አያውቅም። 20,200 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ "ሰዓቱ ይሄ ነው፣ እኔ ያለሁት እዚህ ጋ ነው" እያለ ይጮኻል፣ በቃ ስራው ይሄው ነው። መኪናህ ውስጥ ያለችው ቺፕ ጩኸቱ እስኪደርስ ስንት እንደፈጀ አይታ ርቀቱን ታሰላለች። አንድ ሳተላይት አይበቃትም፣ ቢያንስ አራት ትፈልጋለች፣ ሶስቱ ለቦታው፣ አራተኛው የራሷ ርካሽ ሰዓት የተዛነፈውን ለማረም። እነሱ ጋ ያለው ሰዓት አቶሚክ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስትስት 300 ሜትር ሳትክ ማለት ነው። እንደውም እላይ ያለ ሰዓት መሬት ላይ ካለው በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይቀድማል፣ አንስታይን ያለው ነገር፣ እና ይሄ አስቀድሞ ታስቦ ባይስተካከል ስህተቱ በቀን ከ10 ኪሎሜትር በላይ እየሆነ ይጠራቀም ነበር። ደሴ ፒያሳ የቆምክ ሰውዬ በማግስቱ ኮምቦልቻ ነህ ትባላለህ።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ ነው የሚመጣልህ። ክፍት ሜዳ ላይ ተራ ስልክ እንኳ 5 ሜትር አካባቢ ነው የሚስተው። ስለዚህ ሳተላይቱን ተወው፣ እኔ የምጠረጥረው ከነጥብ ወደ ነጥብ መስመር የሚያሰምረውን ሶፍትዌር ነው።


ቪትዟ
ማታ 3፡34

ከርዕስ ወጣሁ አትበሉኝና የኔ ቪትዝ ከጃፓን ይዛው የመጣችው ናቪጌሽን አለ፣ ስክሪኑ ላይ ጃፓንኛ ብቻ፣ ካርታው ላይ ደግሞ ባዶ ቦታ መሀል ቆሜ ነው የምታሳየኝ። እዚ አገር ሳተላይት የለም ማለት ነው? ሬዲዮውም ከ90 በላይ አልሄድ ብሎኝ ጣቢያ ሁሉ ናፍቆኛል።


ጦሳ ስር
ማታ 3፡41

ሳተላይቱ ያው ነው እህቴ፣ ጃፓንም ደሴም እነዛው ናቸው የሚዞሩት። መኪናሽ ያለሽበትን በደንብ ታውቃለች፣ የሌላት ካርታ ነው፣ በዲስክ ወይ በሚሞሪ የተጫነላት የጃፓን መንገድ ብቻ ነው። ሬዲዮውም የነሱ ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ስለነበር ነው። ቴፑን በአንድሮይድ ስክሪን ቀይሪውና ሁለቱም ያልፍልሻል።


ቪትዟ
ማታ 3፡44

እሺ ደግሞ ቀኑንስ? 2025 ገብቶ እሷ 2005 ትል ነበር። 7 ዓመት ብቻ ወደኋላ ብትቀር ኖሮ አበሻ ሆናለች ብዬ እተዋት ነበር።


ጦሳ ስር
ማታ 3፡52

ሃሃሃ። እሱ የታወቀ ነገር ነው። ሳተላይቶቹ ቀን የሚናገሩት በሳምንት ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ 1024 ሳምንት ሲሞላ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1999 አንዴ ዞሯል፣ በሚያዝያ 2019 ደግሞ ሁለተኛ። አዳዲሶቹ ያውቁታል፣ አሮጌ የመኪና ናቪጌሽን ግን ሶፍትዌሩ ካልታደሰ 1024 ሳምንት፣ ማለትም 19 ዓመት ተኩል ገደማ፣ ወደኋላ ይመለሳል። ቦታውን አይስትም፣ ቀኑን ብቻ ነው።


አይሱዙው
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡10

ጦሳ ስር ወንድሜ፣ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ቆሜ ነው የምፅፈው። የተገጠመው ከመሪው ስር ነው፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ገብቶ ብረት ለብረት በፕላስተር ታስሯል፣ ልጁ "ሌባ እንዳያየው" ብሎ ነው የደበቀው። በስንት ሰከንድ ይልካል ላልከው የባለመኪናው ልጅ አፕሊኬሽኑን ከፍቶ አሳየኝ፣ ጉዞው ላይ ነጥብ ነጥብ አለ፣ ሰዓቱ ሲነካ 2፡02፣ 2፡04፣ 2፡06 እያለ ይሄዳል። በሁለት ደቂቃ አንዴ ማለት ነው መሰለኝ። ደግሞ መስመሩን ሳየው ሐረጎ ላይ መኪናዋ በገደሉ ላይ እየበረረች ነው የወረደችው፣ መንገዱን አልነካችውም።


ጦሳ ስር
ጠዋት 1፡38

በቃ ተገኘ። ባለመኪናውን ቁጭ አድርገህ እንዲህ በለው። አንድ ጣውላ ላይ ጠመዝማዛ መስመር ይሳል፣ መስመሩ ላይ ራቅ ራቅ እያደረገ ሚስማር ይምታ፣ ከዛ ከሚስማር ሚስማር ክር ይወጥር። ክሩ ከጠመዝማዛው ሁሌም ያጥራል። በፍፁም ሊረዝም አይችልም። ሚስማሩን ባራራቀ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ያጥራል። ያንተ ትራከር በሁለት ደቂቃ አንድ ሚስማር ነው የሚመታው። በ35 ኪሎሜትር ፍጥነት ስትወርድ በሁለት ደቂቃ ከ1 ኪሎሜትር በላይ ትሄዳለህ፣ በዚያ መሀል ሐረጎ ላይ ስንት ኩርባ አለፍክ? ሁሉም ተበላ። ደሴና ኮምቦልቻ እኮ በአየር ከ15 ኪሎሜትር አይበልጡም፣ ከደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ተነስቶ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ለመውረድ ነው መንገዱ እንደዛ የተጠማዘዘው። ክሩ ወደ አየሩ እየተጠጋ ነው፣ ከቆጣሪህ እየራቀ።

ለምን ቶሎ ቶሎ አይልክም ካልክ፣ ትራከር ማለት ጆሮና አፍ ነው። ጆሮው ጂፒኤስ ነው፣ ይሰማል ብቻ፣ ነፃ ነው። አፉ ሲም ካርድ ነው፣ በተናገረ ቁጥር ካርድ ይበላል። ለቁጠባ ብለው አፉን ይዘጉታል።


ባለዶልፊን
ጠዋት 2፡05

ምክንያቱ ጥሩ ይመስላል፣ ግን እስካሁን ወሬ ነው። 4 ኪሎሜትር በኩርባ ብቻ ጠፋ ብሎ ለማመን ይከብደኛል። አንድ ሰው ለክቶ ያሳየን።


ሆጤ ሯጭ
ጠዋት 2፡22

እኔ ልለካው እችላለሁ። የሩጫ ሰዓት አለኝ፣ በየሰከንዱ ነው የሚመዘግበው፣ ዛሬ ደግሞ ለስራ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ያው እኔም ይሄ ነገር ደርሶብኛል እኮ፣ አንዴ ባትሪ ቆጣቢ ላይ አድርጌው ወደ ገራዶ ስወርድ የሮጥኩት ኪሎሜትር አነሰብኝ፣ እግሬ 12 እያለኝ ሰዓቱ 10 ተኩል አለኝ፣ አበድኩ። ለካ በደቂቃ አንዴ ነበር የሚነቃው።

ፋይሉን አውርጄ እልክልሃለሁ ጦሳ ስር፣ አንተ ደግሞ ነጥቡን ቀነስ ቀነስ እያደረግክ አስላው።


ጦሳ ስር
ጠዋት 2፡25

እሰይ! መስኮት ጋ ተቀመጪ፣ እጅሽን ወደ መስታወቱ አስጠጊ።


ፖስታ በሞተር
ጠዋት 3፡00

እኔም ስለ ነጥብ አንድ ነገር ልጨምር፣ እቃ በሞተር የማደርስ ልጅ ነኝ። ደሴ ላይ "ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር" ብሎ የሚያስረዳ ሰው ይሻላል ከሎኬሽን፣ ምክንያቱም ሰዉ ሎኬሽን የሚልከው ከየት እንደሆነ አያውቅም፣ ቤቱ ሳይሆን ቢሮው ሆኖ ይልካል። ባለፈው አንድ ደንበኛ የሎኬሽኑን ቁጥር በእጁ ፅፎ ላከልኝ፣ 39.63፣ 11.13። ስልኬ ላይ ስመታው የት ጣለኝ መሰላችሁ፣ ጣሊያን አጠገብ ባህር መሀል፣ በሰርዲኒያና በዋናው ጣሊያን መካከል። ደሴ ደሴት ሆነች! ሞተሬ አትዋኝም ብዬ ደወልኩለት። ለካ ገልብጦት ነው፣ 11.13 ነው መቅደም ያለበት።


ጦሳ ስር
ጠዋት 3፡12

ይቺን ያዟት፣ በኢትዮጵያ ምድር የትም ብትሆኑ ትንሹ ቁጥር ነው የሚቀድመው። የኛ ሰሜን ከ3 እስከ 15 ነው፣ ምስራቁ ከ33 እስከ 48። ትልቁ ከቀደመ ተገልብጧል ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ሁለት አሃዝ ከነጥቡ በኋላ አይበቃም፣ እሱ ኪሎሜትር ነው የሚለየው፣ ከሰኞ ገበያ ይልቅ ሌላ ሰፈር ይጥልሃል። አምስት አሃዝ ካለው ሜትር ይለያል፣ ሰማያዊ በሩ ድረስ ትደርሳለህ።


ዝም ብዬ አንባቢ
ጠዋት 3፡40

ጥያቄ ነው፣ ሎኬሽን ሲበራ ካርድ ይበላል እንዴ? እናቴ ሁሌ አጥፋው ካርድ ይጨርሳል ትለኛለች።


ጦሳ ስር
ጠዋት 3፡44

ጂፒኤሱ አይበላም፣ ካርታው ነው የሚበላው። የደሴን ካርታ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርደህ አስቀምጠው፣ ከዛ ዳታ ዘግተህም ይሰራል። ዳታ ዘግተህ ስትከፍተው መጀመሪያ ላይ ቶሎ አይዝም፣ ምክንያቱም ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ዝርዝሩን ከኢንተርኔት ከማምጣት ይልቅ ከራሳቸው ጩኸት ላይ መልቀም አለበት፣ ክፍት ቦታ ግማሽ ደቂቃም ሊወስድ ይችላል። ባትሪ ግን ይበላል፣ እናትህ እዛ ላይ እውነታቸውን ነው።


ጋሽ ካምቢዮ
ቀን 6፡15

ከመሪው ስር ብረት ለብረት ገጠመው ያልከው ነገር አልጣመኝም አይሱዙው። የኤሌክትሪክ ነገር የሚገጥሙ ልጆች ሁሉን ነገር መደበቅ ነው የሚያውቁት። ጆሮ ነው ካላችሁ ጆሮ ላይ ድስት ተደፍቶ ምን ይሰማል?


ጦሳ ስር
ቀን 6፡30

ትክክል ጋሼ። ፕላስቲክና መስታወት ያሳልፈዋል፣ ብረት አያሳልፍም። ከንፋስ መከላከያው መስታወት ስር፣ ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ በታች፣ ፊቱ ወደ ሰማይ ሆኖ ነው መቀመጥ ያለበት። ሐረጎ ላይ ደግሞ በአንድ በኩል ተራራው ግማሽ ሰማይ ይጋርድሃል፣ የቀሩት ሳተላይቶች ድምፅ ደግሞ ከገደሉ እየተጋጨ ይመጣል። ገደል ማሚቶ በሉት። ስትጣራ ገደሉ ተቀብሎ ሲመልስልህ ዘግይቶ ነው የሚደርስህ አይደል፣ ቺፗም የዘገየውን ሰምታ "ሳተላይቱ ራቅ ያለ ነው" ትላለች፣ ነጥቡን ሜዳ ሙሉ ወደ ጎን ትወረውረዋለች። አሁን አሁን የአሜሪካኑን ብቻ ሳይሆን የራሺያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ፣ የቻይናውን ቤይዱም አብሮ የሚሰማ ቺፕ ስለበዛ ተራራ ስር ትንሽ ተሽሏል። በሁለት ሞገድ የሚሰማም አለ፣ ኤል 1 እና ኤል 5 የሚባሉትን፣ ስልክ ላይ ከ2018 ወዲህ የመጣ ነው፣ እሱ ማሚቶውን ከእውነተኛው ድምፅ የመለየት አቅሙ የተሻለ ነው።


ባለዶልፊን
ቀን 7፡02

ታዲያ ይሄን ንገረኝ። የኔ ዶልፊን ሌሊት ግቢ ውስጥ ቆማ፣ ቁልፉ ትራሴ ስር ሆኖ፣ ጠዋት ሪፖርቱን ሳይ 3 ኪሎሜትር ሄዳለች ይላል። ዘበኛውን ላባርር ምንም አልቀረኝም ነበር። ኩርባ የለ፣ መንገድ የለ።


ጦሳ ስር
ቀን 7፡10

ዘበኛህ ንፁህ ነው፣ ይቅርታ ጠይቀው። ይሄ የተገላቢጦሹ ነው። መኪናዋ ብትቆምም ነጥቡ አይቆምም፣ አሁን እዚህ፣ ከደቂቃ በኋላ 6 ሜትር ወዲያ፣ ከዛ 4 ሜትር ወዲህ፣ በተለይ ግድግዳና ቆርቆሮ መሀል። ሶፍትዌሩ ያቺን ዥዋዥዌ ሁሉ እየደመረ ያድራል። ሲስተካከል ከመኪናው ቁልፍ መስመር ጋር ይያያዛል፣ ቁልፍ ካልተከፈተ አይደምርም። እና አየህ፣ ትራከር ሲቆም ይጨምራል፣ ሲጠማዘዝ ይቀንሳል። ኪሎሜትር ለመቁጠር ሳይሆን መኪናዋ የት እንዳለች ለማወቅ ነው የተሰራው። ለመቁጠርማ ጋሽ ካምቢዮ እንዳሉት የጎማ ዙር አለልህ።


ባለዶልፊን
ቀን 7፡13

ዘበኛው ከሰማ ደሞዝ ጨምር ይለኛል።


ቪትዟ
ቀን 7፡40

ዋሻ ውስጥስ? አዲስ አበባ ስንሄድ ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስገባ የስልኬ ካርታ መሄዱን አያቆምም፣ ሰማይ ሳያይ እንዴት?


ጦሳ ስር
ቀን 7፡55

ይገምታል። በገባሽበት ፍጥነት እየሄድሽ ነው ብሎ ያስባል። ዋሻው ከግማሽ ኪሎሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ስለዚህ ስህተቱ ሳይታወቅ ትወጫለሽ። የመኪና ውስጥ ናቪጌሽን ግን የተሻለ ያደርጋል፣ የጎማውን ዙር ይቆጥራል፣ መኪናው ወዴት እንደታጠፈ የሚያውቅ ጋይሮም አለው። እንደውም ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ናቪጌሽን ሳተላይት የሚባል ነገር ሳይኖረው በጋይሮና በጎማ ዙር ብቻ ነበር የሚሰራው። የጂፒኤስ የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 ቢላክም ሙሉ አገልግሎት ጀመረ የተባለው በ1995 ነው፣ እስከ ግንቦት 2000 ድረስ ደግሞ አሜሪካኖቹ ለሲቪል የሚላከውን ሆን ብለው ያዛቡት ነበር፣ እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር። ክሊንተን ናቸው ያስጠፉት። በዛን ጊዜ የሞተር ልጃችን ቢሰራ ሰማያዊውን በር ሲፈልግ ይመሽበት ነበር።


ሆጤ ሯጭ
ማታ 1፡30

ፋይሉን ልኬያለሁ። ከደሴ መናኸሪያ እስከ ኮምቦልቻ፣ በሚኒባስ፣ መስኮት ጋ። 41 ደቂቃ ፈጀ፣ ረዳቱ "እህት ሰዓትሽ ተበላሸ እንዴ ምን ሆነሽ ነው እጅሽን ያወጣሽው" አለኝ። ሰዓቱ የመዘገበው 23.8 ኪሎሜትር ነው።


ጦሳ ስር
ማታ 2፡20

ማሻአላህ፣ እጅግ ንፁህ ፋይል ነው። 2,460 ነጥብ አለው፣ በየሰከንዱ። አሁን ነጥቡን እያሳነስኩ ደምሬዋለሁ፣ ያው መንገድ፣ ያው ጉዞ።

በየሰከንዱ 23.8 ኪሎሜትር። በ10 ሰከንድ አንዴ ሲሆን 23.5፣ ገና ምንም አይደል። በ30 ሰከንድ 22.6። በደቂቃ አንዴ 21.5። በሁለት ደቂቃ አንዴ ሲሆን 21 ነጥብ ብቻ ቀረ፣ ድምሩ 19.9 ኪሎሜትር።

አይሱዙው፣ ትራከርህ 20 ነው የሚለው አላልክም?


ባለዶልፊን
ማታ 2፡26

ሃቂቃ፣ እጅ ሰጥቻለሁ። ግን ቱቦውን አልረሳሁም።


አይሱዙው
ማታ 2፡50

ወላሂ እንባዬ ነው የመጣው። ይሄን ፎቶ አንስቼ ነገ ይዤለት እሄዳለሁ፣ ጣውላና ሚስማሩንም ጭምር። ሆጤ ሯጭ እህቴ አንድ ቀን ኮምቦልቻ ስትወርጂ ጋቢና ላይ ቦታሽ የተጠበቀ ነው።


ሆጤ ሯጭ
ማታ 2፡55

ጋቢውን ካወጣህልኝ እሺ 😂


አይሱዙው
ሰኞ፣ ማታ 3፡05

የነገሩ መጨረሻ ይሄው። ጣውላውን ይዤ ሄድኩ፣ ባለመኪናው መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ከዛ እራሱ ክሩን ወጠረው። ክሩን በሜትር ለክቶ፣ ከዛ ጠመዝማዛው ላይ ሌላ ክር አስተኝቶ ለክቶ፣ ዝም ብሎ ብዙ ቆየ። ከዛ የገጠመውን ልጅ ደውሎ ጠራው። ልጁ መጥቶ ትራከሩን ከመሪው ስር አውጥቶ መስታወቱ ስር አደረገው፣ በ10 ሰከንድ አንዴ እንዲልክ፣ መኪናዋ በታጠፈች ቁጥርም ነጥብ እንዲጥል አደረገ፣ ከቁልፉም ጋር አያያዘው። ባለመኪናው "ካርድ አይጨርስብኝም?" ብሎ ትንሽ አጉረመረመ፣ ልጁ ትንሽ ነው የሚጨምረው አለው። ቅዳሜ ሁለት ጉዞ ሄድኩ፣ ሪፖርቱ 23.4 እና 23.6። ቆጣሪዬ ሁለቱንም 24። ጋሽ ካምቢዮ ያሉት የጎማ ነገር ይሆናል ልዩነቱ፣ የኋላ ጎማዎቼ እውነቱን ለመናገር አልቀዋል።

የቆረጠውን ግማሹን በእጄ ሰጠኝ፣ ግማሹን ለመውሊድ አለኝ። ይሁን።

አንድ ችግር ግን ተፈጠረ። ዛሬ ጠዋት ሐረጎ አናት ላይ ቆሜ ቡና ልጠጣ ብዬ ሴትዮዋ ጋ ቁጭ ስል፣ አቦል ሳይቀዳ ስልኬ ጮኸ። "እዛ ዛፍ ስር 14 ደቂቃ ለምን ቆምክ?" አለኝ። ዛፉን እኮ ነው ያየው! በሁለት ደቂቃው ጊዜ ቶና በረካ ጠጥቼ ስነሳ ማንም አያውቅም ነበር።


ጋሽ ካምቢዮ
ማታ 3፡12

አብሽር ልጄ፣ ጎማህን ግን ነገ ቀይር። ቁልቁለት ነው።


ባለዶልፊን
ማታ 3፡15

14 ደቂቃ ለምን ቆምክ ግን?